ንጉሡ ከውጭ አልመጣም፦ ስለ ገዳና ስለ ጊቤ ነገሥታት ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የኦሮሞ ሕዝብ ራሱን በገዳ ሲያስተዳድር ኖሮ፣ በአንዳንድ አካባቢዎች፣ በተለይ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጊቤ ወንዝ አካባቢ፣ እንዴት ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ ንግሥና ሥር ገባ የሚለውን ጥያቄ ያነሳል። ብዙ ወዳጆቼ ልከውልኛል። አንዳንዶቹ «እውነቱ ይኸው ወጣ» ብለው ነው የላኩልኝ። ጽሑፉ ባማረ ቋንቋ ተጽፏል፤ ጸሐፊውም በቅን ልቦና የጻፉት ይመስለኛል። መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። ጉዳዩን ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ገዳ ሁሉም ሰው ፍጹም እኩል የሆነበት ሥርዓት ስለነበር ከውስጡ ንጉሥ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ንግሥና የግድ ከውጭ የመጣ ነገር ነው። ያመጡትም ሦስት ናቸው፦ የምኒልክ ጦር፣ የጎረቤቶቹ የእናርያና የካፋ ነገሥታት ምሳሌነት፣ ከነጋዴ ጋር የገባው እስልምና። በመጨረሻም ንጉሥ በተነሣበት ቦታ ሁሉ ገዳ በአንድ ጀምበር ጠፋ ይላሉ። የጸሐፊውን ሐሳብ አላጣመምኩም ብዬ አምናለሁ። እነዚህን ነጥቦች አንድ በአንድ ላንሳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቀላሉ ከሚመለሰው ልጀምር።

«ንግሥናን ያመጣው የምኒልክ ጦር ነው»

ለዚህ የዘመኑን ቅደም ተከተል ማየት ይበቃል። በሊሙ እናርያ ቦፎ አባ ጎሞል ሥልጣን የያዙት በ1800 ገደማ ነው። በ1825 ሥልጣኑን ለልጃቸው ለኢብሳ አስረከቡ። ኢብሳ በፈረስ ስማቸው አባ ባጊቦ ይባላሉ፤ እስከ 1861 ገዝተዋል። በጅማ ደግሞ ሳና፣ ማለትም ቀዳማዊ አባ ጅፋር፣ በ1830 ነገሡ። ጎማ፣ ጉማና ጌራም ነገሥታት ያፈሩት በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1843 ሊሙ ሲደርስ ያገኘው ዙፋኑ የጸና፣ ሹማምንት ያሉት፣ ከጎረቤት ነገሥታት ጋር በጋብቻ የሚዛመድ ንጉሥ ነበር። ምኒልክ የተወለዱት በ1844 ነው።

የሸዋ ጦር ወደ ጊቤ ሲዘልቅ ያደረገው እንዲያውም የተባለውን ተቃራኒ ነው። ንጉሥ አልተከለም፤ ያሉትን ነገሥታት አስገበረ። የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ሳይዋጉ ገበሩ። በየዓመቱ ግብር እየላኩ፣ እስከ ሕልፈታቸው እስከ 1932 ድረስ የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው ይዘው ቆዩ። የነቀምቴው ሞረዳ በከሬም ሥልጣናቸው ሳይነካ ገበሩ፤ በኋላም ልጃቸው ኩምሳ ወረሷቸው። በ1882 በእምባቦ ሸዋና ጎጃም የተዋጉት ይህን ለም አገርና የንግዱን መስመር ማን ያስገብር በሚል ነው። የሚያስገብሩት ነገሥታትና ባላባቶች ቀድመው ነበሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው እውነት የያዙበት ነገር አለ፤ አልክደውም። በአርሲ፣ በቱለማና በሌሎችም አካባቢዎች ገዳን የፖለቲካ አቅም ያሳጣው የሸዋ መስፋፋት ነው። ጨፌዎች፣ ማለትም የገዳ ጉባኤዎች፣ ተዳከሙ። ወደ አባ ሙዳ፣ ወደ ታላቁ የሃይማኖት አባት፣ የሚደረገው የተቀደሰ ጉዞ ታገደ። መሬት ለወታደርና ለሹም ተከፋፈለ፤ የመሬቱ ባለቤት በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆነ። ይህ ከባድ ታሪክ ነው፤ በወጉ ሊነገር ይገባዋል።

ችግሩ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን አንድ ላይ መጨፍለቃቸው ነው። በአርሲ የገዳን ቦታ የወሰደው ከማዕከል የተላከ ሹም ነው። በጊቤ የገዳን ቦታ የወሰደው ደግሞ ከዚያው ሕዝብ የወጣ ኦሮሞ ንጉሥ ነው። በሁለቱ መካከል ግማሽ ክፍለ ዘመንና ከዚያም በላይ ርቀት አለ። ጥያቄው «ንግሥና እንዴት መጣ» ከሆነ መልሱ ያለው በሁለተኛው ታሪክ ውስጥ ነው።

«ገዳ ፍጹም እኩልነት ነበር፤ ንጉሥ የሚያበቅል ነገር አልነበረበትም»

ይህ የጽሑፉ ልብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

መጀመሪያ ገዳ በእርግጥ የሚያስደንቅ ሥርዓት እንደነበር ልናገር። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ምድቦቹ፣ ማለትም ጎጌሳዎቹ፣ አምስት ናቸው። አንዱ ምድብ ስምንት ዓመት መርቶ ሲወርድ ተራው ተመልሶ የሚደርሰው ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚመሩት ልጆቹ ናቸው። አባ ገዳው የሚወርድበት ቀን ገና ሥልጣን ሳይዝ ይታወቃል። ሕግ የሚወጣው በጨፌ፣ ሁሉ እየሰማ ነው። ያጠፋ መሪ ጊዜው ሳይደርስ ሊሻር ይችላል። ዩኔስኮ በ2016 ገዳን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ያሰፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም በዚህ ሥርዓት እኮራለሁ።

«ፍጹም እኩልነት» ግን ሌላ ነገር ነው። ሴቶች የገዳ ሥልጣን አይዙም ነበር። ሲንቄ የሚባል ሴቶች መብታቸውን የሚያስከብሩበት የራሳቸው ተቋም ነበራቸው፤ ጠንካራም ነበር። ቢሆንም አባ ገዳ ሴት አልነበረችም። ብረት ቀጥቃጮችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ከሥልጣኑ ተገልለው ይኖሩ ነበር። በመስፋፋቱ ዘመን የተዋጡት ገባሮዎችም፣ ማለትም ኦሮሞ ያልነበሩት ነባር ሕዝቦች፣ ስንቱ በሞጋሳ፣ ማለትም በጋራ ወደ ጎሳው በመታቀፍ፣ እና በጉዲፈቻ እኩል አባል ሆነ፣ ስንቱ በዝቅታ ቆየ የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በሥርዓቱ ውስጥ ለሚወለደው ወንድም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንድ ሰው የሚገባበት የገዳ እርከን የሚወሰነው በራሱ ዕድሜ ሳይሆን በአባቱ ቦታ ነው። አባትና ልጅ የ40 ዓመት ርቀት ሊኖራቸው ይገባል። ሕይወት ግን እንዲህ ልክክ አትልም። አባቱ ካረጀ በኋላ የተወለደ ልጅ፣ ገና ሕፃን እያለ የሽማግሌዎች እርከን ውስጥ ይገኛል። ዕድሜው ለመምራት ሲደርስ ተራው አልፎ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው በትውልድ ብዛት ይጨምራል። ጉልበት ያለው፣ ጀግና፣ ነገር አዋቂ ነው፤ በገዳው መሰላል ግን የሚወጣበት የለውም። ይህ ሰው ሌላ መንገድ ቢያገኝ ይሄድበታል።

ሌላም አለ። የዘር ውርስ ለኦሮሞ ማኅበረሰብ እንግዳ ነገር አልነበረም። የቦረናን ቃሉዎች፣ ማለትም የሃይማኖት መሪዎች፣ ተመልከቱ። የቃሉ ክብር ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ቃሉው ግን የጦር መሣሪያ አይዝም፤ በገዳ ሥልጣንም ላይ አይቀመጥም። ይባርካል፤ የገዳ መሪዎች ሲመረጡም ሥነ ሥርዓቱ በእሱ ዘንድ ይካሄዳል። የገዳ ብልሃት እዚህ ጋ ነው። ውርስን አላጠፋም፤ ከጦርና ከፍርድ ለይቶ አስቀመጠው። መለያው እስካለ ድረስ ሥርዓቱ ይቆማል። መለያው ሲላላ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ «ዘሩ አልነበረም» ብሎ መዝጋት አያስኬድም።

ጊቤ ላይ መለያው የላላው በአባ ዱላው በኩል ነው። አባ ዱላ የጦር መሪ ነው። ሥልጣኑ ለዘመቻ የተሰጠ፣ በሥራ ላይ ላለው ሉባ፣ ማለትም ተራው ደርሶት ለሚመራው የገዳ ምድብ፣ ተጠሪ የሆነ ሥልጣን ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ችግር አልነበረውም። እያንዳንዱ አዲስ ሉባ ወደ አዲስ አገር ይዘምታል፤ መሬት ይገኛል፤ ዘመቻው ሲያበቃ ሁሉ ወደ ከብቱና ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግን በጊቤ ሸለቆ ባዶ መሬት አለቀ። ሕዝቡ እርሻ ላይ ረግቶ ተቀመጠ። ማሳው የግል ይዞታ ሆነ። መሬትና ከብት በጥቂት ሶሬሳዎች፣ ማለትም በባለጠጎች እጅ መከማቸት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ኦሮሞ ከኦሮሞ ሆነ። እንዲህ ያለው ጦርነት ወቅት አይጠብቅም። ዘንድሮ የተሸነፈው ከርሞ ይመጣል። አባ ዱላው ቦታውን እንዲለቅ የሚጠየቅበት ጊዜ እየራቀ ሄደ። ምርኮውም መሬቱም በእሱ እጅ ስለሚከፋፈል፣ ተከታዩም እየበዛ መጣ።

ቦፎ አባ ጎሞል የዚህ ዓይነት ሰው ነበሩ። በጦር ስም ያወጡ ጀግና ናቸው። በገዳ ደንብ ቢሆን ሥልጣኑ ወደ ሌላ ጎጌሳ መተላለፍ ነበረበት። በ1825 ያስረከቡት ግን ለልጃቸው ነው። ለኔ የጥያቄው ሁሉ መልስ በዚህ ርክክብ ውስጥ አለ። የውጭ ጦር አልነበረም። ያስገደዳቸው ሰው አልነበረም። የገዳ ምድቦች ይህን ርክክብ ማስቆም ያልቻሉት ጉልበቱ ከእጃቸው ቀደም ብሎ ስለወጣ ነው።

ጉልበቱ እንዴት ወጣ? መልሱ ገበያ ላይ ነው። የጸሐፊው ጽሑፍ ስለ ንግድ ያነሳው ከእስልምና ጋር አያይዞ ብቻ መሆኑ ገርሞኛል። የረጅም ርቀት ንግዱ ከካፋ ቦንጋ ተነሥቶ፣ በጅማና በሊሙ ገበያ በሰቃ አልፎ፣ የጉድሩን አሰንዳቦ ረግጦ፣ አባይን ተሻግሮ ጎጃም በሶ ገበያ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጎንደርና ምፅዋ ነው። የሚጫነው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ነው። ሰዎችም በባርነት ይነዱ ነበር፤ ይህን አለማንሳት ነውር ነው። ወደ ደቡብ የሚመለሰው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና የማርያ ቴሬዛ ብር ነው።

አሁን አንድ ሲራራ ነጋዴ ወደ ጅማ ሲገባ እንየው። መጀመሪያ የሚያገኘው ሞጋ ነው፤ ሰው የማይሰፍርበት፣ ለመከላከያ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ የድንበር መሬት። ሞጋውን አልፎ ቦይና አጥር ላይ ይደርሳል። አጥሩ የሚያስገባው በኬላው በር ብቻ ነው። በሩ ላይ ጠባቂና ሹም አለ። ነጋዴው በቅሎውን ያቆማል። ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፤ ጭነቱ ይታያል። መልእክተኛ ወደ መሰራ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይላካል። ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ነጋዴው እዚያው ይጠብቃል። ቀረጡን ከፍሎ ነው የሚያልፈው። ይህ ሁሉ የሚገባው ወደ ጨፌው ሳይሆን ወደ ንጉሡ ነው።

በገዳ የሚጠራ ጦር የራሱን ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ ዘመቻው ሲያልቅ ይበተናል። ከኬላ በሚገኝ ቀረጥ የሚቀለብ ጦር ግን አይበተንም። ወታደሩን ማን ይቀልባል? የዚህ ጥያቄ መልስ በተለወጠ ቀን የገዳ ፖለቲካዊ ኃይል ተሰበረ። ንጉሡ ለየአውራጃው አባ ቆሮ ይሾማል፤ አባ ቆሮው ተጠሪነቱ ለሾመው ነው። በስምንት ዓመት የሚወርድ ሉባ ከዚህ ጋር የሚወዳደርበት አቅም አልነበረውም።

እርግጥ ንግሥናውም በአንዴ የረጋ ነገር አልነበረም። በጅማ ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ1855 ሲሞቱ ልጃቸው አባ ረቡ ነገሡ። በ1859 እሳቸው ሲወድቁ ዙፋኑ ወደ ሌላ የቤተሰቡ አባል ዞረ። ማን ይውረስ የሚለው ራሱ ገና በሂደት ላይ ነበር። ከሌላ አገር ተገልብጦ የመጣ ሥርዓት ቢሆን ይህ መንገዳገድ ባልታየ።

«ከእናርያና ከካፋ የተቀዳ ነው»

እዚህ ጋ ከፊል እውነት አለ። ሞጋውም፣ ኬላውም፣ የወርቅ የንግሥና ምልክቱም በእናርያና በካፋ የታወቁ ነገሮች ናቸው። የጊቤ ነገሥታት የቤተ መንግሥት ወግ ከጎረቤት መማራቸው የሚያከራክር አይደለም። ከካፋ ቤተ መንግሥት ጋር በጋብቻም ተሳስረዋል። ለዚህ ክፍል ለጸሐፊው ሙሉ እውቅና እሰጣለሁ።

ወግ መቅዳትና ንግሥና መፍጠር ግን ለየቅል ናቸው። አሮጌው እናርያ፣ ማለትም ከሊሙ እናርያ በፊት የነበረው መንግሥት፣ በኦሮሞ እጅ የወደቀው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ቦፎ የተነሡት በ1800 ገደማ ነው። በመካከሉ ከ80 ዓመት በላይ አለ። በእነዚያ ዓመታት እናርያን ያሸነፉት ሰዎች በገዳ ነበር የሚተዳደሩት። ምሳሌ ብቻውን ንጉሥ የሚያመጣ ቢሆን፣ ያሸነፉትን ንጉሥ ዙፋን በማግስቱ በወረሱ ነበር።

የቱለማ ኦሮሞስ? ከሸዋ ነገሥታት ጋር ለብዙ ትውልድ ተጎራብተው ኖረዋል። ተዋግተዋል፤ ተጋብተዋል፤ ተገበያይተዋል። የንግሥናን ምሳሌ ከማንም በላይ በቅርብ አይተዋል። እንደ ጅማ ያለ መንግሥት ግን አላቆሙም። ምሳሌው ከአጠገባቸው ነበረ፤ ምሳሌውን የሚያሠራው ውስጣዊ ሁኔታ ግን አልነበረም።

ለየጁና ለወሎ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የየጁ ቤተሰብ ከታላቁ ራስ አሊ ጀምሮ፣ ከ1784 አንስቶ፣ ራስ አሊ ካልዕ በ1853 በአይሻል እስኪሸነፉ ድረስ በጎንደር ዙፋን ጀርባ ሆኖ ገዝቷል። እዚያ የሰሜኑ የመሳፍንት ወግ ዋነኛ ኃይል ነበር ቢባል እስማማለሁ። ጸሐፊው ክርክራቸውን ለየጁ ብቻ ቢያቀርቡት ኖሮ ይህን ክፍል ባልጻፍኩ።

«ገዳን ያፈረሰው እስልምና ነው»

ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ስለተቀበለው ሳልጠነቀቅ አልመልሰውም። እስልምና ለጊቤ ነገሥታት ትልቅ አቅም እንደሰጣቸው አምናለሁ። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሰዎች አመጣላቸው። ከጀበርቲ፣ ማለትም ከሰሜን ከሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር አወዳጃቸው። ከጨፌው ምርቃት ውጭ የሆነ ቅቡልነት አስገኘላቸው። ዓይናቸውን ከአባ ሙዳ ወደ መካ ያዞሩ ሰዎችም ለገዳ የነበራቸው ቅርበት ቀስ በቀስ መቀዝቀዙ አይቀርም።

ግን የቱ ቀደመ? በጅማ የአባ ማጋል ቤተሰብ የገበያውን ቦታ ሒርማታን ይዞ በጦርነት ጉልበት ያካበተው ልጃቸው አባ ጅፋር ከመስለማቸው በፊት ነው። ሃይማኖቱ የደረሰው እየተገነባ ባለ ሥልጣን ላይ ነው። ሥልጣኑን አጠናከረው እንጂ አልወለደውም።

ሁለት አካባቢዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደግሞ ክርክሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ወደ ወለጋ እንሂድ። በሌቃ ነቀምቴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በከሬ ጎዳና የሚባሉ የጦር መሪ ተነሡ። ተቀናቃኞቻቸውን አሸነፉ፤ ገበያና መንገድ ያዙ። ሥልጣኑ ለልጃቸው ለሞረዳ፣ ከሞረዳም ለኩምሳ ተላለፈ። በሌቃ ቄለምም ጆቴ ቱሉ በተመሳሳይ መንገድ ኃያል ሆኑ። እነዚህ ቤቶች ሙስሊም አልነበሩም። ኩምሳ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል። ይህም የሆነው ቤተሰቡ ሥልጣን ከያዘ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ያለ እስልምና፣ ያለ እናርያ፣ ያለ ምኒልክ፣ ያው መንገድ ወደ ያው ውጤት አደረሰ፦ ጦር፣ መሬት፣ ገበያ፣ ልጅ።

አሁን ወደ አርሲና ወደ ባሌ። እዚያ የባሌው ሼኽ ሁሴን መቃብር ለዘመናት ሰው የሚጎርፍበት የእስልምና ማዕከል ነው። ከአርሲ ኦሮሞ ብዙው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰልሟል ወይም እየሰለመ ነበር። ገዳው ግን አልፈረሰም። በ1880ዎቹ የሸዋን ጦር ለዓመታት የተቋቋሙት ንጉሥ ሳይኖራቸው ነው። እስልምና ካለበት ገዳ ይፈርሳል የሚለው ደንብ አርሲ ላይ አይሠራም። ንግሥና እስልምና ካለበት ብቻ ይመጣል የሚለውም ሌቃ ላይ አይሠራም። በሁለቱም በኩል የሚያፈስስ ደንብ ውሃ አያነሳም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። «ከውጭ መጣብን» የሚለው አነጋገር እንደሚያጽናና ይገባኛል። ጥሩው ሁሉ የኛ፣ መጥፎው ሁሉ የሌላው ሲሆን ልብ ያርፋል። ነገር ግን የተመረጠ ሥልጣን እንዴት ከሕዝብ እጅ እንደሚያመልጥ ማወቅ የሚፈልግ ወጣት ከዚህ ምን ይማራል? እስልምናን ጥፋተኛ ማድረግ ደግሞ ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ የሚኖረውን ሕዝብ «የራስህን አባቶች ሥርዓት ያፈረሰው ሃይማኖትህ ነው» ብሎ መክሰስ ነው። ከባድ ክስ ነው። ማስረጃው ደግሞ እንዳየነው አይደግፈውም።

«ንጉሥ ሲነሣ ገዳ በአንድ ጀምበር ጠፋ»

አልጠፋም። በጊቤ አገር መጀመሪያ የተወሰደበት ጦሩ ነው፤ ቀጥሎ ፍርዱና ሕግ ማውጣቱ። ሥነ ሥርዓቱ ግን ንጉሥ ከነገሠም በኋላ ቆይቷል። የእርከን መሸጋገሪያ በዓላት ይከበሩ ነበር፤ ሰው የየትኛው ገዳ ልጅ እንደሆነ ይቆጥር ነበር። ነገሥታቱም ቢሆኑ ከገዳ ዘመን የወረሱትን የማዕረግ ስም ለራሳቸው ሹማምንት ሰጡ። አባ ዱላ የሚለው ሹመት በንጉሥ አገርም ነበር፤ ሿሚው ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ የሚመለከት ሰው አንድ ቀን የሚጠቅስበት፣ «ገዳ የሞተው ያኔ ነው» የሚልበት ጊዜ የለም። ለሚኖሩበትም ሰዎች ለውጡን ለማየት የከበደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዓሉ አለ፤ ስሙ አለ፤ ሽማግሌው አለ። ውሳኔው ግን መሰራ ገብቷል።

ከጊቤ ውጭ ደግሞ ገዳ ዛሬም በሕይወት አለ። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያረካክባሉ። በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስበው ሕጋቸውን ይመረምራሉ፤ ያድሳሉ። የጉጂ ገዳም አልተቋረጠም። ቦረና ንጉሥ ያላፈራው ሕዝቡ ከሊሙ ሕዝብ የተሻለ ስለሆነ አይደለም። በቦረና ሀብቱ ከብት ነው፤ ከብት ይንቀሳቀሳል። ግጦሹ የጋራ ነው። ሕይወት የሚቆመው በጥልቅ ኤላዎች፣ ማለትም በውሃ ጉድጓዶች ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ በተራ ነው የሚጠጣው። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚያስተካክል አባ ሔሬጋ አለ። ኤላውን ብቻዬን ልያዝ የሚል ሰው የሚቀዳለት አያገኝም፤ ውሃውን ከጥልቁ ለማውጣት ተሰልፎ የሚቀባበል ብዙ ሰው ያስፈልጋልና። ከሰቃ ኬላ ጋር አወዳድሩት። ኬላን አንድ ሰው በጥቂት ታጣቂ ሊይዘው ይችላል።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ «የጊቤ ሕዝብ ገዳውን የካደ ነው» ወደሚል ፍርድ ተጠግተዋል። በዚህ በፍጹም አልስማማም። በጊቤ ብዙ ሰው ለንጉሥ የገበረው ወዶ አይደለም፤ ከጎረቤት የሚመጣውን ጦር የሚመክትለት ሌላ ስላላገኘ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ተጠቅሟል። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሒርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ሰው የሚመጣበት ነበር፤ መንገዱም ሰላም ነበር። ይህን እዚያው ያደጉ አረጋውያን ዛሬም በፍቅር ያነሱታል፤ ልክ ናቸው። በዚያው ገበያ ሰው ይሸጥ እንደነበርም እውነት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል።

ጸሐፊው በረጅሙ ጽሑፋቸው ስለ ሌቃ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፉም። ስለ ቱለማም እንዲሁ። ሦስቱ የውጭ ምክንያቶች በሌሉበት ቦታ ንግሥና ለምን እንደበቀለ፣ ምሳሌው ባለበት ቦታ ደግሞ ለምን እንዳልበቀለ ቢያስረዱን፣ መልሳቸውን በጥሞና የማነበው እኔ ነኝ።